ሳህን ላጠበ 20 ብር

እህቴ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ፣ ጠያቂያችን ጅማ ነው የምትኖረው፣ እሷም ባሏም ሥራ ነው የሚውሉት፣ ቤቱን ይዛ የነበረችው ሠራተኛ ዓረብ አገር ከሄደች ሦስት ወር ሆናት፣ ወንዱ ልጅ 12 ሴቷ 9 ዓመታቸው ነው፣ ሥራ ይልመዱ ብላ ሳህን ላጠበ 20 ብር መስጠት ጀመረች፣ አሁን ልጁ ውሃ አቀብለኝ ስትለው እንኳ «ስንት ትከፍይኛለሽ?» ይላታል፣ አማቷ ደሞ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል» ብለው ተቀይመዋል። ሌላ ሠራተኛ ልቅጠር ወይስ ልታገል ነው የምትለው።

በመጀመሪያ ብሩን አቁሚ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቫርኔከንና ቶማሴሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናትን ሞክረው ነበር፣ ትልቅ ሰው ዕቃ ሲወድቅበት ያነሱለታል፣ ለዛ መጫወቻ ሲሸለሙ የነበሩት በኋላ ሽልማቱ ሲቀር ማንሳቱን ቀነሱ፣ ምንም ያልተሰጣቸው ግን ቀጠሉ። ስለዚ ልጅሽ ስግብግብ ሆኖ አይደለም፣ ሥራውን ገበያ ያወጣሽው አንቺ ነሽ (አትቀየሚኝ)። የኪስ ብር ስጪው፣ ግን ከሳህን ጋር አታገናኚው። አንድ ሁለት ሳምንት ያኮርፋል፣ ያኩርፍ።

እኔን የያዘኝ ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደቀልድ የጣልሻት ነገር ናት፣ «ስለማያጠሩት ሲተኙ ደግሜ አጥበዋለሁ» ያልሽው። ጉዱ እዚህ ጋ ነው! ተኝተዋል ብለሽ ነው እንጂ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማል እኮ። ኤሪክሰን የሚባለው የሥነ ልቦና ሰው ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለውን ዕድሜ ልጅ «እችላለሁ ወይስ አልችልም» የሚለውን የሚለይበት ነው ይላል፣ አንቺ ደሞ ማታ ማታ መልሱን እየነገርሻቸው ነው። ቅባት ካልለቀቀ ጠዋት ሳህኑን ራሱ ያየው፣ በሞቀ ውሃ እንዲደግመው አሳዪው፣ በቃ።

ሁለተኛ፣ «ያዝልኝ፣ አምጣልኝ» መላላክ እንጂ ሙያ አይደለም፣ አንድ ሙሉ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስጪው። የዩኒፎርሙና የካልሲው እጥበት የሱ ይሁን። የጅማን ዝናብና ጭቃ ታውቂዋለሽ፣ እሁድ ማታ ያጠበው ሰኞ ጠዋት እርጥብ ይሆናል፣ አንድ ቀን እርጥብ ካልሲ አድርጎ ይሂድ፣ አትተኩሺለት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፀሐይ ብቅ ስትል ማን ቀድሞ ሳፋ እንደሚያወጣ ታያለሽ። ትንሿ ምስር ትልቀም፣ አልጋዋን ታንጥፍ፣ ለጊዜው ይበቃታል። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ግን ለልጅ አይሰጥም፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው።

አማትሽን በክርክር አታሸንፊያቸውም፣ አትሞክሪውም። ይልቅ ቅዳሜ ሲመጡ «እማዬ፣ ይሄ ልጅ የጅማ ልጅ ሆኖ ቡና መቁላት አያውቅም፣ እርስዎ ያሳዩት» በያቸው። ሰው ሙያውን ተጠይቆ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ይልቀም፣ ይጠብ፣ ብረት ምጣዱ ላይ ያማስል፣ እጁን ካሳረፈ ባንድ ጎኑ እንደሚያር ይየው፣ መንጣጣት ሲጀምር እሳቸው «በል ቶሎ ቶሎ!» ሲሉት ላቡ ጠብ ይላል። የመጀመሪያው ቢያርም ጠጡለት። በከሰል ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፣ ጭሱ ባይታይም ከሰል ይገድላል።

ሠራተኛውን በተመለከተ፣ ከደከመሽ ቅጠሪ፣ ኃጢአት አይደለም። ግን ስትገባ በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ባሉበት የትኞቹ ሥራዎች የሷ እንዳልሆኑ ንገሪያት። ካልሲውን አጥባለት ካገኘሻት ደሞ እሷን አትቆጪ፣ እሱን ጠርተሽ ስንት ከፍሎ እንዳሳጠባት ጠይቂው።