ካሮቱ ለምን ሻገተ? ለውሻ አትክልት ስለማድረቅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ካሮትና ስኳር ድንች በኦቨን 4 ሰዓት አድርቀሽ ጠርሙስ ውስጥ ከተሽ፣ በሳምንቱ ሻገተብሽ። ውሻሽ ደግሞ በጣም ወዶት ነበር። "ስንት ሰዓት ላድርቀው? የትኛው አትክልት ይሻላል? ነጭ ሽንኩርት ለቁንጫ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ዱቄቱን ብነሰንስበትስ?" ነው ያልሽው። ከመጨረሻው ልጀምር፣ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርቱን እንዳታስነኪው።

ነጭም ሆነ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትም ጭምር፣ መላው የሽንኩርት ዘር የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል። ሴሎቹ ይፈርሱና ውሻው ደም ያንሰዋል። መቀቀልም ማድረቅም ጉዳቱን አያስቀረውም። እንዲያውም ውሃው ሲወጣ የቀረው ይበልጥ ይከማቻል፤ አንድ ማንኪያ ዱቄት ከአንድ ማንኪያ ትኩስ ሽንኩርት የከፋ ነው። ምልክቱ ቀናት ቆይቶ ስለሚመጣ ሰው ከበላው ጋር አያገናኘውም። ውሻው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። የሾርባ ዱቄትና ኩብ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርት አለ። ጣዕም እንዲሰጠው ብለሽ አትክልቱን በእሱ እንዳትቀቅዪው። ጨው፣ ዘይት፣ ቅመም ምንም አያስፈልገውም። ለቁንጫ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት አለ።

ሁለተኛው ክልክል ወይንና ዘቢብ ነው። የአትክልት ማድረቂያ ማሽን ያለው ሰው ባዶ ትሪ ሲያይ ለቤተሰብም ፍራፍሬ መጨመር ያምረዋል። እኔ ግን ለውሻዬ ለቡቺ በማደርቅበት ቀን ወይን ወደ ኩሽና አላስገባም። የውሻን ኩላሊት ሥራ ያስቆማል፤ ስንት ፍሬ እንደሚጎዳ ደግሞ አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ከበላ ምልክት ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

አሁን ወደ ሻጋታው። እኔም ስጀምር የምጠይቀው ሰዓት ነበር። ሰዓት ግን ብዙ አይነግርሽም። የአንዱ ኦቨን አየር ያንቀሳቅሳል፣ የሌላው አያንቀሳቅስም። አንዱ ካሮቱን 3 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 8 ሚሊ ሜትር አድርጎ ይከትፋል። ዝናብ ሲውል ያው ማሽን፣ ያው ካሮት ሁለት ሦስት ሰዓት ሊጨምር ይችላል። የእኔ ስኳር ድንች 10 ሰዓት ፈጀ ብልሽ ለአንቺ ምንም አይጠቅምሽም።

የመጀመሪያ ሥራዬም ስኳር ድንች ነበር። ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ኦቨኑን 100 ዲግሪ ላይ አደረግኩት። በ3 ሰዓት ላዩ ደረቀ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆነ፣ በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው እንደ እንጨት ይጮሃል። ደረቀ ብዬ ጠርሙስ ሞላሁ። በአምስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት የእርጥብ ጓዳ ሽታ መጣ። አንዱን ቁራጭ ለሁለት ስሰነጥቀው መሃሉ እንደተቀቀለ ድንች ልስልስ ብሎ እርጥብ ነው። ላዩ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ጀምሮታል። ሙቀቱ ሲበዛ ላዩ ቶሎ ይደርቅና እንደ ክዳን ይዘጋል፤ የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ያ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ላዩ ይወጣል፣ ሻጋታውም እሱን ይጠብቃል። የአንቺም ነገር ይሄው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሙቀቱን ዝቅ አድርጊው። ለአትክልት ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ጥሩ ነው። ብዙ ኦቨን እዚያ ድረስ አይወርድም። የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አድርጊና በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጊው፤ እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ትሪ ላይ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እንዳይደራረብ። በየሰዓቱ ብታገላብጪው፣ ትሪዎቹንም ቦታ ብታለዋውጪያቸው ይሻላል። ፀሐይ ላይ ማስጣትን አልመክርሽም። ፍራፍሬ ስኳርና አሲድ ስላለው ይከላከላል፤ አትክልት አሲዱ ዝቅተኛ ስለሆነ ሳይደርቅ ይበላሻል።

ሰዓቱን የተካልኝ ሚዛን ነው። የኩሽና ትንሽ ሚዛን ካለሽ ግምት ቀረ። ስኳር ድንች 77 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ካሮት 88፣ ዱባ 92፣ ዝኩኒ 95 አካባቢ። ልጠሽ የከተፍሽው ካሮት 1 ኪሎ ከሆነ፣ ውሃ ያልሆነው 120 ግራም ብቻ ነው። በደንብ ደርቆ ትንሽ እርጥበት ሲቀረው ከ130 እስከ 135 ግራም ይመዝናል። ስኳር ድንች ከሆነ 1 ኪሎው ወደ 255 ግራም ይወርዳል። አትክልት ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ግን ካሮትሽ 250 ግራም እየመዘነ "ደርቋል" ካልሽ ግማሹ ገና ውሃ ነው። ወረቀት ላይ ጽፌ ማሽኑ አጠገብ እለጥፋለሁ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ሲሆን ይወጣል። የአንቺን ካሮት 4 ሰዓት ካደረቅሽው በኋላ መዝነሽው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይነግርሽ ነበር።

ሚዛን ከሌለሽ ወፍራሙን ቁራጭ ምረጪ። ስሱን አትመኚው፣ እሱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። አውጥተሽ 5 ደቂቃ አቀዝቅዢው፤ ትኩስ ሳለ ሁሉም ልስልስ ነው። ከዚያ እጠፊው። ካሮትና ፎሶሊያ ቀጭ ብለው መሰበር አለባቸው። ስኳር ድንች ወፈር ካለ ይታጠፋል፤ ቀደሽው መሃሉን በአውራ ጣትሽ ጫን ስትዪው ጣትሽ ላይ እርጥበት መቅረት የለበትም።

ከማድረቅሽ በፊት ለብለብ አድርጊው። ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ካሮትና ፎሶሊያ በፈላ ውሃ ውስጥ 2 ወይም 3 ደቂቃ፣ ከዚያ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ። ቀለሙ ይቆያል፣ አትክልቱን እያበላሹ የሚቀጥሉት ኢንዛይሞች ይቆማሉ፣ ውሃውም በቀላሉ ይወጣል። ለውሻ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሆዱ በቀላሉ ይፈጨዋል። ጥሬ ካሮት የሰጠሽው ውሻ በማግስቱ እንዳለ ሲያወጣው አይተሽ ይሆናል። ስኳር ድንቹን እኔ 5 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት አበስለዋለሁ። ጥሬው ስታርች ለውሻ ሆድ ይከብዳል።

ጠርሙሱ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ትኩሱን እንዳትከቺ። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፤ ያለዚያ የራሱ ላብ ያረጥበዋል። ጠርሙሱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ሙዪና ክደኚው። ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ወዝወዝ እያደረግሽ እዪው። በደንብ የደረቀው ካልደረቀው እርጥበት ይካፈላል፣ ሁሉም እኩል ይሆናል። የመስታወቱ ውስጥ ላይ ጤዛ ካየሽ አልደረቀም ማለት ነው፤ ገና ካልሻገተ ወደ ማሽኑ መልሺው። እኔ ጠርሙሱን ቡና የማፈላበት ጎን አስቀምጠዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ሳላስበው እጄ ይወዘውዘዋል።

የሻገተውን ግን ሁሉንም ጣይው። ያልሻገተውን መርጬ ልስጠው እንዳትዪ። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመርተው መርዝ ውሻን ያንቀጠቅጣል፣ ያስመልሰዋል። ዓይን ያላየው ክር በመላው ጠርሙስ ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ። ቤቱ ወደ 15 ዲግሪ ከሆነ በደንብ የደረቀ አትክልት 6 ወር ያህል ይቆያል፤ 27 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ግማሹን አስቢ። የሚታጠፈውን፣ የሚታኘከውን ወፍራም ስኳር ድንች ግን ፍሪዘር ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ለማኘክ እንዲመች እርጥበት ተውኩለት ማለት ነው፣ እርጥበት የተውኩለትን ደግሞ መደርደሪያ ላይ አላምነውም።

የትኛው ይሻላል ላልሽው፣ ለእኔ አንደኛ ስኳር ድንች ነው። በ6 ሚሊ ሜትር ርዝመቱን ተከትለሽ ስትቆርጪው ሲደርቅ ረጅም ጨርቅ ይመስላል፣ ቡቺ በሁለት እግሩ ይዞ ሩብ ሰዓት ይታገለዋል። ካሮት ለሥልጠና ነው፤ በትንሽ በትንሹ ይሰበራል፣ ኪስ አያቆሽሽም። ዱባን በደንብ አብስዪና ፈጭተሽ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ ስስ አድርገሽ ቀቢው፤ ሲደርቅ ተላጦ ይነሳል፣ በመቀስ ትቆርጪዋለሽ። ጥርስ ለሌላቸው ውሾች ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም። ፎሶሊያ ውፍረት ላስቸገረው ውሻ ጥሩ ነው። ቀይ ሥር ይወዳሉ፣ ግን በማግስቱ ሰገራው ወይም ሽንቱ ቀልቶ ስታዪ እንዳትደነግጪ። ብሮኮሊ በጥቂቱ፤ ሆድ ይነፋል። ዝኩኒ ቡቺ አፍንጫውን አስጠግቶ ሄደ፣ እኔም ደግሜ አልሠራሁትም። ቅርፊቱ አረንጓዴ የሆነ ወይም ጎንቁል ያለው ድንች አይገባም፣ የቲማቲም ቅጠልና ግንድም እንደዚሁ።

ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር ልኬቱ ነው። አምስት ካሮት ሲደርቅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ስኳሩና ካሎሪው ግን አንድም አልጎደለም። መክሰስ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት። 10 ኪሎ የሚመዝን፣ የተኮላሸ ጎልማሳ ውሻ በቀን 600 ካሎሪ አካባቢ ይበቃዋል። 10 በመቶው 60 ካሎሪ ነው። የደረቀ ስኳር ድንች በግራም ከ3 ካሎሪ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ለዚያ ውሻ የቀኑ ድርሻ 18 ግራም ገደማ ነው፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ። ቡቺን አትክልት ነው ምን ያመጣል እያልኩ አንድ ክረምት ሙሉ በእፍኝ ሰጠሁት። ሐኪሙ ሚዛን ላይ ሲያወጣው 2 ኪሎ ጨምሯል። ያን ቀን በጣም አዘንኩ። ወድጄ የሰጠሁት ነገር መገጣጠሚያው ላይ ሸክም ሆነበት።

ስኳር ያለበት፣ ኩላሊቱን የታመመ፣ ወይም የፊኛ ጠጠር የነበረው ውሻ ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። በተለይ የካልሲየም ኦክሳሌት ጠጠር ለነበረው ስኳር ድንች፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ አይሆኑም። ጤነኛም ቢሆን አንድ አትክልት ብቻ፣ በትንሽ ቁራጭ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ሞክሪ። ሆዱ ከላላ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። አጠገቡ ውሃ ይኑር፤ ደረቅ አትክልት ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣል። ሳያኝክ የሚውጥ ከሆነ ጠንካራ ክብ ካሮት አትስጪው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ለእሱ ፈጭተሽ ምግቡ ላይ ነስንሺለት፣ ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈሽ ስጪው።

"ይሄ ሁሉ ከምደክም ልግዛ?" ብለሽ ሊሆን ይችላል። እኔ የገባሁበት ምክንያት አንድ ነገር አንብቤ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተገዛ ደረቅ መክሰስ በልተው ስለታመሙ ውሾች በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ ደርሶታል። አብዛኛው የዶሮ ሥጋ ነበር፣ ስኳር ድንች ያለበትም ነበር። ዓመታት ተመርምሮ አንድ ቁርጥ ያለ ምክንያት አልተገኘም። ሁሉም የተገዛ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። እኔ ግን ጠርሙሱ ውስጥ ካሮት ብቻ እንዳለ ማወቄ እንቅልፍ ይሰጠኛል።

አሁን ጠርሙስሽን በሳሙናና በፈላ ውሃ እጠቢው፣ ክዳኑን ሳትረሺ፣ እስኪደርቅ ተገልብጦ ይደር። ከዚያ በግማሽ ኪሎ ካሮት ብቻ ጀምሪ። 65 ግራም አካባቢ ሲደርስ አውጪው። ሳምንቱን ሙሉ ጤዛ ካላየሽ ስኳር ድንቹን ቀጥዪ። ካየሽ ደግሞ ስንት ግራም ላይ እንዳወጣሽው ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።