ሁለቱ በቀቀኖቻችን፦ ጥያቄና መልስ ከደሴ

ስለ ክንፈ ጥቁሩና ስለ ግንባረ ቢጫው በቀቀን ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን፦ ጫጩት ከዛፍ ቀዳዳ አታውጡ።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። በምን ልለያቸው?

መልስ፦ መንቁሩን እይ። የክንፈ ጥቁሩ ደማቅ ቀይ ነው፤ የግንባረ ቢጫው ጠቆር ያለ ግራጫ። በቁመትም ይራራቃሉ። ክንፈ ጥቁሩ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌላው ወደ 28 ይደርሳል። ግንባረ ቢጫው ስሙ እንደሚለው ፊቱ ቢጫ ነው። የክንፈ ጥቁሩ ወንድ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያ ይቀላል። ሴቷ ጭንቅላቷ አረንጓዴ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እሷን አይቶ ሌላ ወፍ ይመስለዋል። ሌላም ልጨምር፤ ግንባረ ቢጫው ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ክንፈ ጥቁሩ ኤርትራም አለ። የሳይንስ ስሙ ታራንታ የተባለው እዚያ ባለው የተራራ መተላለፊያ ነው።

ከፒያሳ፦ ማውራት ይማራሉ? ስንት ይሸጣሉ?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ዱር ይኑሩ።

ከኮምቦልቻ፦ ክንፈ ጥቁሩ ምን ይበላል?

መልስ፦ የጥድ ፍሬ፣ ሾላ፣ ዘር። የጎፍ ደን ቅርብህ ነው፤ ጥዱ ሲያፈራ በጠዋት ውጣ።

ከሰኞ ገበያ፦ ጦሳ ተራራ ላይ ባህር ዛፍ ሞልቷል። ለወፎቹም ዛፍ ዛፍ ነው።

ከሸዋበር፦ ወላሂ አይደለም! ምንጭ እያደረቀ እኮ ነው።

ከሰኞ ገበያ፦ ባህር ዛፍ ባይኖር በምን ትጋግሩ ነበር?

መልስ፦ ቆዩ እስቲ። ባህር ዛፉ ይነቀል አላልኩም። እነዚህ ወፎች ግን የሚያድሩትም ጫጩት የሚፈለፍሉትም የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ የተወው ወይም በእርጅና የተቦረቦረ ግንድ ይፈልጋሉ። ባህር ዛፍ ለአጣና ገና በልጅነቱ ይቆረጣል። መቼ አርጅቶ ይቦረቦራል? አንድ ያረጀ ወይራ ሲወድቅ ብዙ ወፍ ማደሪያ ያጣል። ችግኝ ተክለን አንክሰውም፤ ዕድሜያችን አይበቃም።

ከአራዳ፦ ጋሼ፣ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። መንቁር! ጫጩትም አታውጡ።

ከቦሩ ሜዳ፦ አያቴ ግቢ ያረጀ ወይራ አለ። ሊያስቆርጡት ነው። ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለው።

መልስ፦ መቼ ነው የሚቆረጠው? አብሽር፣ አያትህን በትህትና ለምናቸው። ማታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ራቅ ብለህ ቁም። ወፎቹ ሲገቡ ካየህ ንገረኝ፤ እኔው መጥቼ አያትህን አነጋግራቸዋለሁ።