ከ49 ቀን በኋላ የሚመጣው ስህተት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነኝ። በኤስቲኤም32 ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ) የሠራሁት የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን ያጠፋና ሞተሩ እንዲያርፍ 15 ደቂቃ ሳይሞላ መልሶ አያስነሳውም። አንድ ደንበኛ ግቢ ከገጠምኩት በኋላ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ማለዳ ቤተሰቡ ውሃ ሲጠቀም ፓምፑን ያለ ዕረፍት ያስነሳና ያጠፋ ጀመር፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም ማንም ሳይነካው ተስተካከለ። በእጄ ያለው ቦርድ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ቀን ብፈትነውም ስህተቱ አልተደገመም። ሃርድዌሩን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ፈርምዌሩን (ቦርዱ ላይ የሚጫነውን ፕሮግራም) በራሱ የሚፈትን ሲሙሌተር እንዲህ ያለውን ስህተት ይይዛል? ውጤቱስ ይታመናል?

መልስ፦ የት ቦታ እንደሚፈልጉት ካወቁ ይይዘዋል። ከጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ከአንድ ወር ተኩል በላይ» የሚለው ነው። ጊዜን በሚሊሰከንድ የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ከ4,294,967,295 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ይህም 49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ነው። ዊንዶውስ 95 እና 98ም ሳይጠፉ ይህን ያህል ሲቆዩ በዚሁ የተነሳ ደርቀው ይቀሩ ነበር። የእርስዎ ፕሮግራም ፓምፑ በጠፋበት ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ደምሮ የሚቀጥለውን መነሻ የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ ቆጣሪው ሊሞላ 15 ደቂቃ ከቀረው ጀምሮ ድምሩ ከ32 ቢት ያልፍና ትንሽ ቁጥር ሆኖ ይቀራል፤ በዚህም ገና ያልተጀመረው ዕረፍት ያለቀ ይመስለዋል። ቆጣሪው ዞሮ ከዜሮ ሲነሳ ችግሩ በራሱ ይጠፋል። መቆጣጠሪያዎ ባትሪ እንዳለው እንገምታለን፤ ባይኖረው ኖሮ የመብራት መቆራረጡ ቆጣሪውን እየመለሰ ስህተቱን ለረጅም ጊዜ ይደብቅልዎ ነበር።

ለዚህ ሥራ የፖላንዱ ኩባንያ አንትማይክሮ የሠራውን ሬኖድ የተባለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሲሙሌተር እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ቦርዱ ላይ የሚጫነውን ፋይል ሳይለወጥ ያስኬዳል፣ ፈተናዎቹም ሮቦት ፍሬምወርክ በተባለው የፈተና መጻፊያ መሣሪያ ተጽፈው ኮዱ በተነካ ቁጥር በራሳቸው ሊሮጡ ይችላሉ። 49 ቀን መጠበቅም ሆነ የሲሙሌተሩን ሰዓት ማፍጠን አያስፈልግም። ፈተናው ሲጀመር ቆጣሪው በተቀመጠበት የማስታወሻ አድራሻ ላይ 4,294,667,296 ይጻፉ፤ ሊሞላ 5 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ከዚያ የውሃ መጠን መለኪያው የሚገናኝበትን የቺፑን እግር (ፒን) በመጀመሪያ «ሞልቷል»፣ ቀጥሎ «ጎድሏል» ያድርጉት፤ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ (ሪሌ) ፒን 15 ደቂቃ ሳይሞላ ከበራ ፈተናው ይውደቅ። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) አዘጋጆችም የጊዜ ቆጣሪያቸው ኮምፒውተሩ ከተነሳ 5 ደቂቃ በኋላ እንዲዞር ሆን ብለው የሚያስጀምሩት እንዲህ ያለው ስህተት ቶሎ እንዲጋለጥ ነው።

ፈተናው በአሮጌው ፈርምዌር ላይ መውደቁን ሳያዩ እርማቱን አይጀምሩ። እርማቱ አጭር ነው፦ መደመሩን ትተው፣ ፓምፑ የጠፋበትን ሰዓት ከአሁኑ ሰዓት ይቀንሱና ልዩነቱን ከ15 ደቂቃ ጋር ያነጻጽሩ። ቁጥሮቹ አሉታዊ የማይሆኑ ባለ 32 ቢት እስከሆኑ ድረስ ልዩነቱ ቆጣሪው ቢዞርም ትክክል ነው።

መታመኑን በተመለከተ፣ ሲሙሌተር የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ሬኖድ ያልተሠራለትን የሃርድዌር ክፍል ፕሮግራሙ ሲያነብ ዜሮ ይመልስና በሎጉ (በሥራ መዝገቡ) ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ስለዚህ ሎጉን ሳያነቡ «አለፈ» በሚለው ቃል አይርኩ። ሞተሩ ሲነሳ የሚወርደውን ቮልቴጅም ሆነ በድሬዳዋ ፀሐይ ጣሪያ ላይ የሚግለውን ሳጥን ጨርሶ አያውቃቸውም፤ ያለችዎትን አንድ ቦርድ ለእነዚህ ያቆዩአት።

የደንበኛዎን ሪሌ ግን አሁኑኑ ከፍተው ይዩት፤ በዚያ ማለዳ መገናኛዎቹ ተቃጥለው ሊሆን ይችላል። አዲሱ ፈርምዌር እስኪጫን ድረስም መቆጣጠሪያውን በወር አንድ ጊዜ ባትሪውን ጭምር ነቅለው መልሰው ቢያስነሱት ቆጣሪው 49 ቀን አይደርስም።