የበዓል ዜማ የሚከብደው ለማን ነው?

ጥያቄ፦ የልብስ መደብር ኃላፊ ነኝ። የገና ሰሞን ሲደርስ ከማለዳ እስከ ማታ የበዓሉን ዜማዎች እናሰማለን። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ «የሌላ እምነት ተከታዮችን አግልላችኋል» ብለው ወቅሰውኝ ሄዱ፤ ዜማውን ብናቆመው ደግሞ በዓሉን እንደናቅን የሚቆጥሩብን አሉ። ዘንድሮ ከየእምነቱ አንዳንድ መዝሙር ለማስገባት አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ሐሳብዎ ከቅንነት የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ቢተዉት ይሻላል። አማኝ ሰው ጸሎቱ የሆነውን ዜማ በካልሲ ቅናሽ ማስታወቂያዎች መካከል ተሰንቅሮ ሲሰማው፣ «እኔም ታሰብኩ» ከማለት ይልቅ «ለገበያ ማድመቂያ ተደረግሁ» የሚል ቅሬታ ሊያድርበት ይችላል። ጊዜውም አይገጥምም፤ የእስልምና በዓላት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚመሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ስለሚውሉ፣ በገና ሰሞን የሚሰማ የዒድ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀኑ የመጣ እንግዳ ነው። የይሖዋ ምሥክሮችን የመሰሉ፣ ገናን ጨርሶ የማያከብሩ ሰዎችም አሉ፤ ለእነርሱ የትኛውን ዜማ ሊመርጡላቸው ነው?

ይልቁንስ አሁን የሚያሰሙትን ዝርዝር ይመርምሩ። «የገና ዜማ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ዘፈኖች አንድ ዓይነት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1857 የታተመው «ጂንግል ቤልስ» በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ላይ ጋሪ ስለ መንሸራሸር የሚናገር ሲሆን፣ በግጥሙ ውስጥ ገና የሚል ቃል እንኳ የለም። «ኋይት ክሪስማስ»ን የደረሰው ኧርቪንግ በርሊንም አይሁዳዊ ነበር። በአንጻሩ «ሳይለንት ናይት» እ.ኤ.አ. በ1818 በኦስትሪያዋ ኦበርንዶርፍ በገና ዋዜማ በቤተ ክርስቲያን የተዘመረ፣ ስለ ክርስቶስ ልደት የሚናገር መዝሙር ነው። የመጀመሪያዎቹን ያሰሙ፤ የኋለኛውን ዓይነት ግን ለምእመናኑ ቢተዉላቸው እመርጣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መዝሙራቸው የሸቀጥ ማሻሻጫ መሆኑ የሚያስከፋቸው ክርስቲያኖችም ጥቂት አይደሉም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያጣኋቸው ግን ሠራተኞችዎን ነው። ደንበኛው ካልጣመው በሩብ ሰዓት ውስጥ ይወጣል፤ ከድምፅ ማጉያው ሥር የተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ መውጫ የላትም። እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የሚፈጁ 20 ዘፈኖች በየሰዓቱ ይደጋገማሉ ብንል፣ በ8 ሰዓት ፈረቃ አንዱን ዘፈን 8 ጊዜ፣ በ25 የሥራ ቀናት ደግሞ 200 ጊዜ ትሰማዋለች፤ ይህ እንኳን ለሌላ እምነት ተከታይ፣ በዓሉን በጉጉት ለምትጠብቀውም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግም፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በሥራው ላይ ከባድ ጫና እስካልፈጠረበት ድረስ የሠራተኛውን እምነት እንዲያስተናግድ ያዝዛል።

ስለዚህ ሠራተኞችዎን ለየብቻ ያነጋግሯቸው። በስብሰባ ላይ «የሚቃወም አለ?» ብለው ቢጠይቁ፣ እጇን ብቻዋን የምታወጣ አትኖርም። ድምፁን ዝቅ ያድርጉት፤ በየፈረቃው ያለ ዜማ የሚያልፉ ሰዓታት ይኑሩ፤ ከማጉያው ሥር የሚቀመጠውም ሰው ይቀያየር። ዝርዝሩን ከማጽደቅዎ በፊት ግን፣ እርስዎ ራስዎ አንድ ሙሉ ፈረቃ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጠው ያዳምጡት።