ኮማንደርስ ምን ነካው? ከ12 ድል ወደ 5፦ ጥያቄና መልስ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ከምንኖረው ብዙዎቻችን ኳስ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን እሁድ እሁድ የሚሟገቱት በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ስለሚጫወተው ስለ ዋሽንግተን ኮማንደርስ ነው። የ2025 የውድድር ዘመን ካለቀ ወዲህ «ይሄ ቡድን ምን ነካው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡድኑን የማውቀው በስም ብቻ ነው። የሦስቱን ዓመት ውጤት ባጭሩ ንገረኝ።

መልስ፦ በ2023 አራት አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በ2024 ደግሞ 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈና የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ ወደሆነው ሱፐር ቦውል ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀረው ወደቀ። በ2025 ዓመቱን የጨረሰው በ5 ድልና በ12 ሽንፈት ነው። ሊጉ 32 ቡድን አለው፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር 17 ጊዜ ይጫወታል።

ጥያቄ፦ ከ4 ድል ወደ 12 በአንድ ዓመት እንዴት ይደረሳል? እኔ በለመድኩት ኳስ ቡድን መገንባት ዓመታት ይፈጃል።

መልስ፦ ከባለቤቱ ጀምሮ እስከ ተቀያሪው ስለተለወጠ ነው። በጁላይ 2023 ጆሽ ሃሪስ የሚመራቸው ባለሀብቶች ቡድኑን ከዳን ስናይደር በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ገዙት። አንዱን ዓመት እንዳለ አሳለፉና በጃንዋሪ 2024 አሰልጣኙን ሮን ሪቬራን አሰናበቱ። ከሳን ፍራንሲስኮ አዳም ፒተርስን ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርገው አመጡ፤ ተጫዋች መርጦ የሚያስፈርመው እሱ ነው። አሰልጣኝነቱን የዳላስን የመከላከል ክፍል ይመራ ለነበረው ለዳን ክዊን ሰጡ።

ፒተርስ ሳይውል ሳያድር የተጫዋቾቹን ዝርዝር ገለባበጠው። የ2023ቱን ኳርተርባክ (ጥቃቱን የሚመራውና ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች) ሳም ሃውልን ለሲያትል አሳልፎ ሰጠ፤ ኦገስት ላይ ደግሞ በአንደኛው ዙር ተመርጦ የነበረውን ጃሃን ዶትሰንን ለፊላዴልፊያ ለቀቀ። ከዚህ ሌላ ኮንትራታቸው ያለቀ ነባር ተጫዋቾችን በብዛት ሰበሰበ፦ ላይንባከሮቹ (የመሃል ተከላካዮቹ) ቦቢ ዋግነርና ፍራንኪ ሉቩ፣ ኳስ ተቀባዩ ታይት ኤንድ ዛክ ኧርትዝ፣ ራኒንግ ባኩ (ኳስ ይዞ የሚሮጠው) ኦስቲን ኤክለር፣ ከዳላስ ክዊንን ተከትለው የመጡት ዶራንስ አርምስትሮንግ፣ ዳንቴ ፋውለርና ሴንተሩ ታይለር ቢያዳዥ። ፋውለር በዚያ ዓመት የተጋጣሚን ኳርተርባክ ኳሱን ሳይለቅ መሬት ላይ በመጣል 10.5 ሳክ አስመዘገበ። ልብ በሉ፦ ዋግነር፣ ኧርትዝና ፋውለር የፈረሙት ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የበለጠው ግን ድራፍቱ፣ ማለትም ቡድኖች ከኮሌጅ የሚመጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። በ2023 አራት ጨዋታ ብቻ በማሸነፋቸው ሁለተኛውን ምርጫ አገኙና ኳርተርባኩን ጄይደን ዳንኤልስን ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ወሰዱ። ኮሌጅ እያለ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማን ዋንጫ በ2023 የወሰደ ልጅ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 3,568 ያርድ ወረወረ፣ በእግሩ 891 ያርድ ሮጠ፣ ከጀማሪ አጥቂዎችም ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። እነዚህን ቁጥሮች ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቡድን በሦስት ሙከራ አሥር ያርድ ካልሞላ አብዛኛውን ጊዜ አራተኛውን ሙከራ ትቶ ኳሷን በእግር ይለጋታል። ዋሽንግተን በ2024 አራተኛውን ሙከራ 23 ጊዜ ደፍሮ 20ውን አሳካ። ዳንኤልስን ያህል የሚያምኑት ልጅ ባይኖር ክዊን ይህን አይሞክርም ነበር።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ አይወርድም?

መልስ፦ አይወርድም፤ ታችኛ ሊግ የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ብዙ የተሸነፈው በሚቀጥለው ድራፍት ቀድሞ ይመርጣል። ዳንኤልስም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቱ ቢሊየነር ነው ይባላል። እንደ ቼልሲና እንደ ማንቸስተር ሲቲ ለምን አይገዛም?

መልስ፦ ሕጉ አይፈቅድለትም። ሃሪስ በክሪስታል ፓላስም ድርሻ ያለው ሰው ነው፤ ግን የእንግሊዝ አሠራር እዚህ አይሠራም። ለሁሉም ቡድን እኩል የሆነ የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ በ2024 255.4 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2025 ደግሞ 279.2 ሚሊዮን ነበር። ተጫዋች በገንዘብ ከሌላ ቡድን አይገዛም፤ በሌላ ተጫዋች ወይም በወደፊት የድራፍት ምርጫ ነው የሚለወጠው።

የዳንኤልስ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። የአራት ዓመት ኮንትራቱ በድምሩ ወደ 37.7 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት አሥር ሚሊዮን አይሞላም። የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በ2024 የፈረመው በአማካይ በዓመት 60 ሚሊዮን ነው። የ50 ሚሊዮኑ ልዩነት ለሌሎች ተጫዋቾች ይውላል። በሊጉ ደንብ ዳንኤልስ አዲስ ውል መነጋገር የሚችለው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ፣ ማለትም ከ2026 ዘመን በኋላ ነው። ያን ጊዜ ርካሽ ኳርተርባክ የሚባል ነገር ያበቃል።

ጥያቄ፦ የቺካጎው ጨዋታ ዕድል ነበር ወይስ ችሎታ? እኔና ባለቤቴ እስካሁን አልተስማማንም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ነው፤ ዳንኤልስ ከሳምንት በፊት ጎኑን ተጎድቶ መጫወቱ ራሱ ያጠራጥር ነበር። ቺካጎ 25 ሰከንድ ሲቀር 15 ለ12 መራ። ዋሽንግተን በመጨረሻዋ ኳስ ገና መሃል ሜዳ አልደረሰም ነበር፤ የቀረው ሁለት ሰከንድ ነው። ዳንኤልስ ኳሷን ይዞ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከ12 ሰከንድ በላይ ተሽከረከረ። ጓደኞቹ ጎሉ አካባቢ ለመድረስ ጊዜ ያገኙት በዚህ ነው፤ ያ ችሎታ ነው። የቺካጎው ተከላካይ ታይሪክ ስቲቨንሰን ያች የመጨረሻ ኳስ ስትጀመር ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ነበር፤ ኋላ እየሮጠ ደርሶ ኳሷን በእጁ ነካት። ኳሷ ተመልሳ ከሰው ሁሉ ጀርባ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ገባች። 18 ለ15። ይሄኛው ዕድል ነው።

ጥያቄ፦ በጥሎ ማለፉ እስከ የት ደረሱ?

መልስ፦ ታምፓ ቤይን በሜዳው 23 ለ20 አሸነፉ፤ የዜን ጎንዛሌዝ የመጨረሻ ምት ቋሚውን መትታ ነው የገባችው። ቡድኑ በጥሎ ማለፍ ሲያሸንፍ ከ2005 ዘመን ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ቀጥሎ 15 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈውን ዲትሮይትን በገዛ ሜዳው 45 ለ31 አስወጡት። ወደ ሱፐር ቦውል በሚያስገባው የኮንፈረንስ ፍጻሜ ፊላዴልፊያ 55 ለ23 ቀጣቸው፤ ፊላዴልፊያ በኋላ ሱፐር ቦውሉን ራሱ ወሰደ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በ2025 ምን ተፈጠረ? ጉዳት ነው እንዳትለኝ፣ ሁሉም ቡድን ይጎዳል።

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሁሉም ይጎዳል። ዳንኤልስ መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ከዚያ የጭኑን የኋላ ጡንቻ፣ ከዚያ ክርኑን ተጎድቶ የተጫወተው ሰባት ጨዋታ ብቻ ነው። ኤክለር በሁለተኛው ሳምንት ግሪን ቤይ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ኧርትዝ ዲሴምበር ላይ የጉልበቱ ጅማት ሄደ። አርምስትሮንግና ኮርነርባኩ ማርሾን ላቲሞርም በጉልበት ጉዳት ወጡ። ግን ጥያቄው ጉዳቱ ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ነው፤ የኔ መልስ ደግሞ የ2025ቱ ዝርዝር የተሠራው የ2024ቱ ውጤት እንደሚደገም ታስቦ ነው የሚል ነው።

ቅድም የአንድ ዓመት ኮንትራት ያልኩትን አስታውሱ። ዓመቱ ሲያልቅ ፋውለር ወደ ዳላስ ተመለሰ፣ ተከላካዩ ጀረሚ ቺን ወደ ላስ ቬጋስ ሬይደርስ ሄደ፣ ጆናታን አለንን ቡድኑ ራሱ ለቀቀው። የቀሩት ዋግነርና ኧርትዝ እንደገና ፈረሙ፤ በ2025 ዋግነር 35 ሞላው፣ ኧርትዝም ከእሱ በጥቂት ወራት ብቻ ነው የሚያንሰው። በጁላይ የ36 ዓመቱ ቮን ሚለር ተጨመረ። በልውውጥ ኳስ ተቀባዩ ዲቦ ሳሙኤልና የግራ ታክሉ (ኳርተርባኩን ከተጋጣሚ የሚጠብቀው) ላረሚ ታንሲል መጡ። ታንሲል ጎበዝ ነው፣ የዳንኤልስን ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዋጋው ግን የ2026ን ሁለተኛና አራተኛ ዙር ምርጫ ጨምሮ ነው። በኖቬምበር 2024 ለላቲሞር ደግሞ የ2025 ሦስተኛ፣ አራተኛና ስድስተኛ ዙር ምርጫ ተከፍሎ ነበር፤ የተመለሰላቸው አንድ አምስተኛ ዙር ነው።

እያንዳንዱን ውሳኔ ለየብቻው ብትጠይቁኝ ለአብዛኛው ምክንያት አገኝለታለሁ። ሲደመሩ ግን ቡድኑ ከሊጉ በዕድሜ ከገፉት አንዱ ሆነ፤ 30 ዓመት ያለፈው ተጫዋች ሲጎዳ ቶሎ አይመለስም፣ ከኋላው ተተክቶ የሚገባ ወጣት ደግሞ ምርጫው ስለተሰጠ የለም። እኔን የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ወቅቱ የተበላሸው መቼ ነው ትላለህ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሲያትሉን ይጠቅሳል። እኔ ኦክቶበር 13 እላለሁ፤ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ባለው የገዛ ሜዳቸው፣ ሰኞ ማታ፣ እንደገና ከቺካጎ ጋር። ዋሽንግተን እየመራ፣ ኳሷ በእጁ፣ የቀረው ሦስት ደቂቃ ገደማ። ዳንኤልስ ለራኒንግ ባኩ ክሮስኪ-ሜሪት ሲያቀብል ኳሷ በሁለቱ መካከል ወደቀች፣ ቺካጎ አነሳት፣ በመጨረሻው ምት 25 ለ24 አሸነፈ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፉ፤ ማድሪድ ድረስ ሄደው በተጨማሪ ሰዓት በማያሚ 16 ለ13 የተረቱት እዚያው ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ በሲያትሉ ጨዋታ 38 ለ7 እየተመሩ ዳንኤልስን ሜዳ ላይ ማቆየት ምን ይባላል?

መልስ፦ ጥፋት ይባላል። ግራ ክርኑ የወለቀው ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፣ በአራተኛው ሩብ ነው። ክዊን ኃላፊነቱን ራሱ ወስዷል፣ አከብረዋለሁ። ልጁን ግን አልመለሰውም፤ ዲሴምበር ላይ ሚኒሶታ ሄዶ ሞከረ፣ ያው ክርን እንደገና ታመመና ዓመቱ አበቃ።

ጥያቄ፦ ብራያን ሮቢንሰንን ለምን ለቀቁት? ልጄ በጣም አዝኗል።

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ብቻውን አይደለም። በ2022 ዲሲ ውስጥ ሊዘርፉት የሞከሩ ሰዎች በጥይት መትተውት ከስድስት ሳምንት በኋላ ሜዳ ላይ የተመለሰ ተጫዋች ነው፤ ከተማው እንደ ራሱ ልጅ የሚያየው ተጫዋች ነበር። በኦገስት 2025 ለሳን ፍራንሲስኮ በአንድ ስድስተኛ ዙር ምርጫ ሰጡት። ኮንትራቱ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበር፤ ቡድኑም በሰባተኛው ዙር፣ በ245ኛ ምርጫ ያገኘው ክሮስኪ-ሜሪት በልምምድ ዓይን ገብቶ ነበር። በስሌት ስህተት አልልም፤ ወጣቱ ሮጧል።

ጥያቄ፦ የማክሎሪን ጭቅጭቅስ?

መልስ፦ ኳስ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎሪን ከ2020 እስከ 2024 በየዓመቱ ከ1,000 ያርድ በላይ የያዘ፣ ኳርተርባክ ሲለዋወጥበት ያልተነጫነጨ ሰው ነው። በ2024 13 ተችዳውን (የጎሉን መስመር አልፎ የሚቆጠር ነጥብ) አስቆጠረ። አዲስ ውል ሲዘገይበት ልቀቁኝ እስከማለት ደርሶ ነበር፤ ኦገስት መጨረሻ ላይ እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ የሦስት ዓመት ማራዘሚያ ፈረመ። የክረምቱን ልምምድ በብዛት ሳይሠራ ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ የጭን ጡንቻው ተጎዳ። አንዱ ሌላውን አመጣው ብዬ መማል አልችልም፤ ውሉ በሜይ ቢፈረም ግን ለሁሉም ይበጅ ነበር።

ጥያቄ፦ አዲሱ ስታዲየም እውን ይሠራል? እኔ ለአሮጌው የአርኤፍኬ ስታዲየም ቦታ ቅርብ ነኝ፣ ንግዴም እዚያው ነው።

መልስ፦ ይሠራል። የዲሲ ምክር ቤት በሴፕቴምበር 2025 የመጨረሻውን ድምፅ ሰጥቷል። ቡድኑ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል፣ የከተማው አስተዳደር ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይጨምራል፣ መክፈቻው ለ2030 ታቅዷል። ቡድኑ እስከ 1996 የተጫወተው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሱቅ ካለህ ከስታዲየሙ ይልቅ ዙሪያውን የሚሠራውን መኖሪያና ንግድ ተከታተል፤ የኪራይ ውልህ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ዛሬውኑ እየው።

ጥያቄ፦ አንተ በፒተርስ ቦታ ብትሆን ለ2026 ምን ታደርጋለህ?

መልስ፦ የጥቃቱንና የመከላከሉን ክፍል ይመሩ የነበሩት ክሊፍ ኪንግስበሪና ጆ ዊት ሄደዋል፤ ያ ተደርጓል። ሁለተኛና አራተኛ ዙር ምርጫ ስለሌለ የመጀመሪያው ዙር ላይ ስህተት መሥራት አይቻልም። እኔ ኳርተርባክ የሚያሳድድ ወጣት ተከላካይ እወስድበታለሁ፤ ወይም ጥሩ ዋጋ ከመጣ ወደ ኋላ ወርጄ ተጨማሪ ምርጫዎችን እሰበስብበታለሁ። ዳንኤልስን በእግሩ እንዲሮጥ ከተጠራው ጨዋታ ግማሹን እቀንስለታለሁ። ታክሎቹ ታንሲልና የ2025 የአንደኛ ዙር ምርጫው ጆሽ ኮነርሊ እንደተጠበቁ ይቆዩ። ከ33 ዓመት በላይ ላለው አዲስ ፈራሚ ደግሞ፣ ስሙ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ በሬን አልከፍትም።