የቃለ ጉባኤው ጸሐፊ ሁልጊዜ አንቺ ለምን ሆንሽ?

ውድ እኅቴ፣

በኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ብቸኛዋ ሴት መምህርት መሆንሽን፣ ባልደረቦችሽ «በሴትነቷ ነው የተቀጠረችው» እንደሚሉሽ፣ አንድ ባንክ የተሻለ ደመወዝ እንዳቀረበልሽ፣ አባትሽም ከዶክትሬቱ በፊት ትዳር እንዲቀድም እንደሚፈልጉ ጽፈሽልኛል። ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ግን እንደ ቀላል ነገር ያለፍሽው ዐረፍተ ነገር ነው፤ የክፍሉን ቃለ ጉባኤ የምትይዢው፣ የሥርዓተ ፆታ ተጠሪ የሆንሽውና እንግዳ ሲመጣ መስተንግዶውን የምታስተባብሪው አንቺ ነሽ።

ረጅም ዘመን አስተምሬ በኋላም በደረጃ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ስለሠራሁ፣ የመምህር ማኅደር ሲመዘን ምን እንደሚያነሣና ምን እንደማያነሣ አውቃለሁ። ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነትና ከዚያ በላይ ለመሸጋገር ወሳኙ በታወቀ ጆርናል የታተመ ምርምር ነው፤ የኮሚቴ አገልግሎት ነጥብ ቢኖረውም ብቻውን ማንንም አያሳድግም። በእጄ ካለፉት ማኅደሮች የሴቶቹ ብዙ ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ የበዛባቸው፣ የታተመ ጽሑፍ ግን ያነሰባቸው ነበሩ፤ ይህም የሆነው ወንዱ ባልደረባቸው ላቦራቶሪ በሚውልበት ከሰዓት በኋላ እነርሱ ስብሰባ ላይ ስለሚውሉ እንጂ በስንፍና አይደለም። «ጽሕፈቷ ያምራል፣ ኃላፊነት ይሰማታል» እየተባለ በሙገሳ የሚጫን ሸክም ስለሆነ እምቢ ማለቱ ያሳፍራል፣ አቤት ለማለትም አይመችም።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ካቢኔ ግማሽ ያህሉ በሴቶች ሲያዝ፣ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ሹመት ግን በአንድ ውሳኔ ይሰጣል፤ ፕሮፌሰርነት የሚገነባው በሰዓት ነው። በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋን ኢትዮጵያዊት ሙሉ ፕሮፌሰር፣ የባዮሎጂ ምሁሯን የዓለምፀሐይ መኮንንን፣ ለማግኘት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው የክፍል ስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ በተራ እንዲሆን በአጀንዳ አስይዢ፤ በቃል ብቻ የተነሣ ሐሳብ ስለሚረሳ ለክፍሉ ኃላፊ በደብዳቤ ጭምር አቅርቢው። የሥርዓተ ፆታ ተጠሪነቱን የምትቀጥዪ ከሆነ የማስተማር ጭነትሽ በዚያው ልክ እንዲቀነስልሽ ጠይቂ፤ ካልተቀነሰ አስረክቢ። (የፆታ ጉዳይ ለወንድ ተጠሪ የማይሰጥበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።) መስተንግዶውን ዛሬውኑ ተዪው። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ለላቦራቶሪ ብቻ ይሁኑ፤ የምታማክሪያቸው ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራም ወደ ጋራ ጽሑፍ የሚያድግበትን መንገድ ፈልጊ።

ስለ አቀጣጠርሽ ለሚነገረው ብዙ አትጨነቂ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን የፈቀደው የቆየውን የበታችነት ውርስ ለማረም ነው፤ ክፍል ገብተሽ የምታስተምሪው ግን በራስሽ ዕውቀት ነው። ባንኩ የሚከፍልሽ ገንዘብ እውነተኛ ቢሆንም ኬሚስትሪሽን አይፈልገውም፤ እኔ ብሆን አልሄድም።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ወንድምሽ በአንቺ ደመወዝ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲማር «ትዳር ይቅደም» ያለው ሰው እንዳልነበረ ራስሽ ጽፈሻል። ይህንኑ በአክብሮት አንሥተሽ ጠይቂያቸው፤ ማግባትና መማርም በአንድነት ሊሄዱ እንደሚችሉ ንገሪያቸው። ማመልከቻሽን ግን ውይይቱ እስኪያልቅ አታቆዪው። ዩኒቨርሲቲሽ ለትምህርት ሲልክሽ ብዙ ጊዜ ደመወዝሽ ሳይቋረጥ የአገልግሎት ውል ያስፈርምሻል፤ ውሉን ሙሉውን አንብቢ፣ ወሊድ ቢያጋጥምሽ የጥናት ጊዜሽ እንዴት እንደሚራዘም በጽሑፍ ሳይሰፍርም አትፈርሚ።