ዝቅተኛ ነጥብ ብቻውን በሽታ አይደለም

የመርሳት በሽታ ልየታ ለምትጀምሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፦

ፊደል ያልቆጠሩ እናት ፊት ባለ 30 ነጥብ ቅጽ ይዛችሁ ስትቀመጡ፣ ቅጹ የሚለካው አእምሯቸውን ብቻ እንዳልሆነ አትርሱ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤምኤምኤስኢ የተባለው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መለኪያ «ዓረፍተ ነገር ይጻፉ» ይላል። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ምን ያድርግ? ሞካ የተባለው ሌላ መለኪያ ደግሞ ትምህርቱ ከ12 ዓመት ላልበለጠ ሰው 1 ነጥብ ይጨምራል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ላልረገጠ ሰው ይህ ምንም አይጠቅምም።

የዘመን አቆጣጠሩም ያሳስታል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያሉ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ዓመቱን በ7 ወይም በ8 አሳንሰው ቢነግሯችሁ በሀገራቸው አቆጣጠር ልክ ናቸው። «አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር አድርገው ሰዓት ይሣሉ» ስትሏቸው አጭሩን ጠቋሚ 5 ላይ ቢያደርጉት፣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሰዓቱን የሚያነበው እንደዚያው ነው። ዜሮ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቋቸው።

ለእንዲህ ዓይነት ታካሚ እኔ የምመርጠው አውስትራሊያ ውስጥ የተዘጋጀውን ሩዳስ የተባለውን መለኪያ ነው። ከገበያ የሚገዙ አራት ነገሮች፣ ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ሳሙና፣ ይነገራቸዋል፤ አራቱንም እስኪሉ ድረስ እስከ አምስት ጊዜ ድገሙላቸው። ብዙዎቻችሁ የምታበላሹት እዚህ ላይ ነው። ቸኩላችሁ አንዴ ብቻ ተናግራችሁ ታልፉና ያልሰሙትን እንደረሱት ትቆጥሩባቸዋላችሁ። አንድ እጅ ጨብጦ ሌላውን ዘርግቶ ማፈራረቅ፣ መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ መናገር፣ እንስሳት መጥራትም አለበት። 22 እና ከዚያ በታች ከሆነ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል። ኪዩብ መሣሉ ግን ላልተማረ አሁንም ይከብዳል። ታንዛኒያና ናይጄሪያ ውስጥ የተሞከረው አይዲኢኤ የተባለው መለኪያ በሥዕል ፈንታ የክብሪት እንጨት በታየው ቅርጽ አስመስሎ መደርደርን ይጠይቃል፤ ብልህ መፍትሔ ነው።

የታካሚዋ ልጅ አስተርጓሚ አትሁን። እናቷ ሲሸማቀቁ ልጅቱ መልሱን ትጠቁማለች፣ ወይም አሳምራ ትተረጉማለች። ልጅቱን ለብቻዋ አስወጥታችሁ አነጋግሯት፦ ከ10 ዓመት በፊት ከነበሩበት ምን ተለወጠ? የእድር መዋጮ ከፍለው ድጋሚ ይከፍላሉ? ወጡን ሁለቴ ጨው ይጨምሩበታል? ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለሱ መንገድ ይጠፋቸዋል? ሰውን ከራሱ ጋር ስታወዳድሩ የትምህርት ልዩነት አያስቸግራችሁም። «እርጅና ነው» ካለቻችሁ አትቀበሏት፤ ምሳሌ እንድትሰጣችሁ ጠይቋት።

ከሁሉ በፊት ጆሮና ዓይን ይታይ። ድባቴ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ነጥብ ያወርዳሉ። መዘባረቁ በቀናት ውስጥ የመጣ ከሆነ ቅጹን አስቀምጡና ኢንፌክሽን ፈልጉ።

በተቃራኒው ጡረታ የወጡ መምህር 28 አግኝተው ቤተሰቡ ግን ገንዘብ መቁጠር እንዳቃታቸው ቢነግራችሁ፣ ቤተሰቡን እመኑ። ብዙ የተማረ ሰው በሽታው ገፍቶም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ካርዱ ላይ ነጥቡን ብቻ አትጻፉ፤ ስንት ዓመት እንደተማሩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቁ፣ ማን እንዳስተረጎመና ነጥቡ የወደቀው የትኛው ጥያቄ ላይ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ። ከወራት በኋላ የሚመረምራቸው ባለሙያ ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው ከዚያ ነው።